ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፦ የሪሲቨርና የሚዲያ ማጫወቻ ቪዲዮ ኢንኮደርን ደረጃ በደረጃ መመርመርና መቀየር

ድሬዳዋ ላይ ለጥገና ከሚመጡት ሪሲቨሮች መካከል ድምፃቸው እየተሰማ ምስላቸው የጠፋ፣ ቀለሙን ያጣ ወይም የሚዘል ጥቂት አይደሉም። ኤችዲኤምአይ ያለው ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ ቢሆንም በከዚራ፣ በመጋላና በሳቢያን ዛሬም ጀርባው ወፍራም የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን በሦስቱ ገመዶች፣ በቢጫው፣ በነጩና በቀዩ፣ አገናኝቶ የሚመለከት ቤተሰብ አለ፤ የሚዲያ ማጫወቻውም በዚሁ መንገድ ይገናኛል። በቢጫው ገመድ የሚወጣው ምስል የግድ የሚያልፍበት ክፍል ቪዲዮ ኢንኮደር ይባላል። ምስል የጠፋበት ሪሲቨር ሲመጣልን ብዙዎቻችን ይህን አይሲ (ብዙ እግር ያለው ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ቶሎ እንጠረጥራለን፤ እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቼ ኢንኮደር ከቀየርኩ በኋላ ጥፋቱ የአንዲት 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መድረቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል ከቴሌቪዥኑ ሶኬት ተነሥቶ ወደ አይሲው እያፈገፈገ የሚሄድ ሲሆን፣ አይሲውን ማንሣት የመጨረሻው ሥራ ነው።

ኢንኮደሩ ምን ይሠራል

ከዲሽ ወይም ከፍላሽ የመጣው የታመቀ መረጃ በዋናው አይሲ ሲፈታ ምስሉ የቁጥር ሰልፍ ይሆናል፤ የድሮ ቴሌቪዥን ግን ቁጥር አያነብም፣ የሚያውቀው በአንድ ሽቦ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅን ነው። ኢንኮደሩ ቁጥሮቹን በስምንት መስመሮች፣ በ27 ሜጋኸርዝ ምት ይቀበላል። ከቁጥሮቹ ግማሹ የብርሃን መጠን ሲሆን በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ ይመጣል፤ ቀሪው ግማሽ ለሁለቱ የቀለም ልዩነቶች፣ ለሰማያዊና ለቀይ፣ እኩል ይከፈላል። ኢንኮደሩ በነዚህ ላይ የማመሳሰያ ምት ይጨምራል፣ ቀለሙን በተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጭናል፣ በመጨረሻም ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይሩት የውስጥ ክፍሎቹ፣ ጠጋኞች ዳክ በምንላቸው፣ በኩል ወደ ሶኬቱ ይልካል።

ጥቂት አኃዞችን ማስታወስ ለኋላው ምርመራ ይጠቅማል። ፓል በሚባለው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት አንድ ምስል 625 መስመር፣ በሰከንድ 50 መስክ (ግማሽ ምስል) እና 4.43361875 ሜጋኸርዝ የቀለም ተሸካሚ አለው። ሌላው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመር፣ 60 ገደማ መስክ እና 3.579545 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል። ምልክቱ ቴሌቪዥን በተገናኘበት ሶኬት ላይ ከታች እስከ ላይ 1 ቮልት ያህል ሲሆን፣ 0.3 ቮልቱ ማመሳሰያ፣ 0.7 ቮልቱ ምስል ነው።

በቆዩ ሪሲቨሮች ላይ ኢንኮደሩ ለብቻው የተቀመጠ አይሲ ነው፤ የኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ኤስቲቪ0119፣ የፊሊፕስ ኤስኤኤ7120 እና ኤስኤኤ7121፣ የአናሎግ ዲቫይስስ ኤዲቪ7170 እና ኤዲቪ7171 ከዚህ ወገን ናቸው። በኋላ በመጡት መሣሪያዎች ግን ኢንኮደሩ በዋናው አይሲ ውስጥ ተካትቷል፤ በዚያ ውስጥ ከተቃጠለ ዋናውን አይሲ መቀየር ከሪሲቨሩ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ አያዋጣም። ደግነቱ፣ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ለሁለቱም ዓይነት እኩል ይሠራሉ።

አንደኛ፦ ክዳኑን ሳይከፍቱ

መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በዲቪዲ ማጫወቻ፣ በዚያው ቢጫ ሶኬት ይሞክሩት፤ ያረጀ ሶኬት ውስጡ ሲላላ ጥፋቱ የሪሲቨሩ መስሎ ይታያል። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ካለው ኤችዲኤምአይ ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው ይመልከቱ። በኤችዲኤምአይ ጥርት ያለ ምስል እየወጣ በቢጫው ከጠፋ፣ መረጃውን የሚፈታው ክፍል ጤነኛ እንደሆነና ችግሩ ከኢንኮደሩ ወዲህ እንዳለ ያውቃሉ። ኤችዲኤምአይ የሌለው፣ ነገር ግን በአንቴና ገመድ በቻናል የሚወጣ ምስል ያለው አሮጌ ሪሲቨር ከሆነ ይህንንም ይሞክሩ፤ በዚያ በኩል የሚወጣው ምስል ራሱ ከኢንኮደሩ የተቀዳ ስለሆነ፣ እዚያ ታይቶ በቢጫው ከጠፋ ኢንኮደሩ ነጻ ነው፤ የሚፈለገው ሶኬቱ ወይም ከሶኬቱ በፊት ያለው ማጉያ ነው።

ምስሉ ጥርት ብሎ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ከመጣ መጋላ ውስጥ አንዲት እናት ያመጡልኝን ሪሲቨር አስታውሳለሁ። «ልጄ፣ ቀለሙን ልጆቹ ነካክተው ነው የጠፋው» ብለውኝ ነበር፤ ልክ ነበሩም። ልጆቹ ምናሌው ውስጥ ገብተው ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይረውታል፣ የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ 3.58 ሜጋኸርዝን እንደ ቀለም አያውቀውም። አንዳንድ ቴሌቪዥን በ60 መስክ ጊዜ ምስሉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንከባልለዋል። በብዙ ሪሞቶች ላይ የምስሉን ሥርዓት በቀጥታ የሚቀይር ቁልፍ ስላለ ምናሌው ባይታይም እርሱን ደጋግሞ ተጭኖ፣ በየጫናው መካከል አምስት ሰከንድ ያህል ታግሦ መጠበቅ ያዋጣል።

ጥቁርና ነጭ የሚያደርጉ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ሪሲቨሩ ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የምስል ሶኬት ካለው፣ አረንጓዴው ብርሃንን ብቻ ስለሚያወጣ እርሱን ቢጫው ላይ የሰካ ሰው ቀለም አያገኝም። እንዲሁም በምናሌው ውስጥ የምስል መውጫው ወደ እነዚህ ሦስት ሶኬቶች ተቀይሮ ከሆነ፣ በአንዳንድ ሞዴል ቢጫው ጭራሽ ይዘጋል።

ትንንሾቹ የሚዲያ ማጫወቻዎች ምስልና ድምፅን በአንድ ባለ አራት ቀለበት መሰኪያ ስለሚያወጡ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በአንዱ ምስሉ ከሥር ባለው የመጨረሻ ክፍል ላይ ይወጣል፤ በሌላው ደግሞ በቀለበቶቹ መካከል ነው፣ ምድሩም ቦታውን ይቀያየራል። መሰኪያው ይገባል፣ ገመዱም ይመሳሰላል፣ ምስሉ ግን በቀዩ ወይም በነጩ ጫፍ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱንም ጫፎች በየተራ ቢጫው ሶኬት ላይ መሞከር ይገባል፤ ይህ ብቻ ብዙ ማጫወቻዎችን ከመፈታት አድኗል።

ሁለተኛ፦ አንድን መውጫ ለብዙ ቴሌቪዥን ማካፈል

አንድ የከዚራ ሻይ ቤት ባለቤት ኳስ ለሚያዩት ደንበኞቻቸው ከአንድ ሪሲቨር ሁለት ቴሌቪዥን በባለ ሁለት ቅርንጫፍ ገመድ ካገናኙ በኋላ ምስሉ ጨልሞ ይዘል ጀመር፤ «ሪሲቨሩ ደክሟል» ተብሎም ወደኔ መጣ። ሪሲቨሩ አልደከመም። መውጫው በውስጡ የ75 ኦም ሬዚስተር አለው፣ እያንዳንዱ ቴሌቪዥንም ሌላ 75 ኦም ይጭንበታል። አንድ ቴሌቪዥን ሲሰካ ዳኩ የሚያየው 37.5 ኦም ነው፤ ሁለተኛ ሲጨመር ወደ 25 ኦም ይወርድና 1 ቮልት የነበረው ምልክት 0.67 ቮልት ይሆናል፣ ማመሳሰያውም ከ0.3 ወደ 0.2 ቮልት ይቀንሳል፤ ምስሉ የሚዘለውም ለዚህ ነው። መፍትሔው በመካከል የቪዲዮ ማከፋፈያ ማጉያ ማስገባት ነው። በተቃራኒው ምንም ቴሌቪዥን ሳይሰካ ሶኬቱን የለካ ሰው እጥፉን፣ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ፣ ያነባል፤ ይህን እንደ ብልሽት መቁጠር የለበትም።

ሦስተኛ፦ ከፍቶ መመልከት

ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪክ ሶኬት መነቀሉን በዓይን ሳያረጋግጡ ክዳን አይከፈትም። በ220 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨር የኃይል ክፍሉ ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ያህል ስለሚያጠራቅም፣ ከተነቀለም በኋላ በቴስተር ለክቶ ወደ ዜሮ መቅረቡን ማየት፣ ካልወረደም በሬዚስተር ማራገፍ ያስፈልጋል። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ማገናኘት ብልጭታ ከመፍጠሩም በላይ መሣሪያውን ይጎዳል።

አሁን የከተማችን ጠባይ ወደ ምርመራው ይገባል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከቡፌ ውስጥ ገብቶ ዳንቴል የለበሰ ሪሲቨር ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። (ዳንቴሉ ቤቱን እንደሚያስጌጥ አልክድም፤ ነገር ግን የአየር ቀዳዳውን ይዘጋል።) የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የታወቀ የሥራ ሕግ ስለሆነ፣ ሐረር ላይ ብዙ ዓመት የሚቆይ ሪሲቨር እዚህ ቀድሞ ቢደክም አያስገርምም። ስለዚህ አናታቸው ያበጠ፣ ሥራቸው ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተሮችን በመጀመሪያ ይቀይሩ፤ የሚተካው ለ105 ዲግሪ የተሠራ፣ ቮልቱም ከቀድሞው ያላነሰ ይሁን። ከዚያ የ3.3 ቮልቱን መስመር ከኢንኮደሩ አጠገብ ይለኩ። ዲጂታሉ 3.3 ቮልት ኖሮ ለአናሎጉ የሚሄደው ብቻ የጠፋበት ጊዜ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለች ትንሽ ኢንዳክተር ስትቃጠል ዳኮቹ ኃይል ያጣሉ፣ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል።

አራተኛ፦ ከሶኬቱ እስከ ዳኩ

ሶኬቱ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ ገመድ በተሳበ ቁጥር ስለሚናጋ መጀመሪያ እርሱን በአዲስ ሊድ (ቀልጦ በሚያጣብቀው የመበየጃ ሽቦ) ማደስ ይገባል። ከሶኬቱ ወደ ውስጥ ሲኬድ በተለምዶ የሚገኙት ከቮልቴጅ ድንገተኛ ከፍታ የሚከላከሉ ጥንድ ዳዮዶች፣ የ75 ኦም ሬዚስተር፣ ከ220 እስከ 470 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፣ ትራንዚስተር ወይም ትንሽ ማጉያ አይሲ፣ በመጨረሻም ጥቃቅን ኢንዳክተርና ካፓሲተር ያሉበት ማጣሪያ ናቸው። ሁሉም በሁሉም ሪሲቨር አይገኙም።

ካፓሲተሩ ሲደርቅ የሚታየው ምልክት ለይቶ የሚታወቅ ነው፦ የምስሉ ብርሃን ከላይ እስከ ታች እኩል አይሆንም፣ ነጭ ነገር፣ ለምሳሌ ነጭ ግድግዳ ወይም የዜና ጽሑፍ፣ ሲመጣ ምስሉ ይጎብጣል ወይም ይዘላል፣ ጨለማ ትዕይንት ላይ ይረጋጋል። ምክንያቱን ስሌቱ ያሳያል። 220 ማይክሮፋራድ በ150 ኦም ሲባዛ 33 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ይህም የአንዱን መስክ 20 ሚሊሰከንድ ይሸፍናል፤ ደርቆ 10 ማይክሮፋራድ የቀረው ግን 1.5 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሃያ ሦስት መስመር ያህል ብቻ፣ ይይዛል። ጤነኛ ካፓሲተርን ለጊዜው ከላዩ ደርቦ መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ወይም ገመድ መሣሪያዎቹ በርተው ሳለ ሲሰካ ከሚቃጠሉት መካከል የመከላከያ ዳዮዶቹ ይገኙበታል። ሲቃጠሉ ብዙውን ጊዜ ከምድር ጋር ስለሚገናኙ ቢጫው ሶኬት በቴስተር ዜሮ ኦም ያሳያል፤ አንዱን እግሩን አንሥተው ምስሉ ከተመለሰ ምርመራው አበቃ፣ ተመሳሳዩን ሳይተኩ ግን ሪሲቨሩን አይመልሱ።

አምስተኛ፦ ኢንኮደሩን በቦታው እንዳለ መለካት

እስከዚህ ሁሉ ደህና ከሆነ የአይሲውን ስም በማጉያ መነጽር አንብበው የአምራቹን የመረጃ ሰነድ ይፈልጉ፤ ያለ ሰነድ እግር መቁጠር ግምት ነው። ኦስሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያለው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ የሌለውም በቴስተር ብዙ መድረስ ይችላል።

ምስል እየተላለፈ፣ ቴሌቪዥን ተሰክቶ ሳለ የዳኩን እግር በቀጥታ ቮልት ይለኩ። መደበኛ ምስል ከ0.3 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ የሚዋልል ንባብ ይሰጣል፣ ትዕይንቱ ሲቀየርም ይንቀሳቀሳል። ንባቡ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከጠፋ ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ። ንባቡ ዜሮ ላይ ከቆመ የዳኩ ማመሳከሪያ ቮልቴጅ ይታይ፤ በኤዲቪ7170 ላይ ይህ 1.235 ቮልት ነው። ማመሳከሪያው ኖሮ ዳኩ ጸጥ ካለ ኢንኮደሩ ትእዛዝ አልደረሰውም ማለት ሊሆን ይችላል።

ትእዛዙ የሚመጣው አይ2ሲ በሚባሉት ሁለት መስመሮች ነው። ሪሲቨሩ ሲነሣ ዋናው አይሲ በነዚህ መስመሮች «ፓል ሁን፣ ዳክህን አብራ» የሚሉ ቁጥሮችን ይጽፍለታል፤ ይህ ካልደረሰ ጤነኛው ኢንኮደር የሞተ ይመስላል። ሁለቱም መስመሮች ሥራ በሌላቸው ጊዜ ወደ 3.3 ወይም ወደ 5 ቮልት ከፍ ብለው መቆም አለባቸው። አንዱ ዜሮ ላይ ከተጣበቀ ወደ ላይ የሚስበው ሬዚስተር ተቋርጧል፣ ወይም በዚያው መስመር ላይ ካሉት አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ዲሹን የሚቀበለው ቲዩነር፣ ጎትቶት ይሆናል። ከዚህ ጋር የኢንኮደሩ የሪሴት እግር ሪሲቨሩ ከተነሣ በኋላ መለቀቁ መታየት አለበት።

የ27 ሜጋኸርዝ ምቱ ለኢንኮደሩና ለዋናው አይሲ የጋራ ስለሆነ፣ ድምፅ ካለ ምንጩ በሕይወት አለ፤ ሊጠፋ የሚችለው ወደ ኢንኮደሩ የሚሄደው መንገድ ብቻ ነው። ሌላ ረቂቅ ችግር ግን አለ። ሪሲቨሩ ይህን ምት ከሳተላይቱ ከሚመጣው የሰዓት ምልክት ጋር እያስተካከለ ይነዳዋል፣ የቀለም ተሸካሚውም ከዚሁ ምት በስሌት ይወጣል። የተፈቀደው መዛነፍ በ27 ሜጋኸርዝ ላይ 810 ኸርዝ ሲሆን፣ ይህ በቀለሙ ላይ 133 ኸርዝ ብቻ ስለሚሆን ቴሌቪዥኑ ይታገሠዋል። የማስተካከያው ክፍል ሲበላሽ ግን መዛነፉ በብዙ እጥፍ ያድግና ቴሌቪዥኑ ቀለሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ምናሌው ላይ ቀለም ኖሮ ቻናል ሲከፈት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ምቱን የሚያመነጨው ክሪስታልና አጠገቡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች እንጂ ኢንኮደሩ አይደለም።

በመጨረሻ ስምንቱ የመረጃ መስመሮች ይቀራሉ። ዝቅተኛው መስመር ቢቋረጥ ዓይን ላያስተውለው ይችላል፤ ከፍተኛው ሲቋረጥ ግን ምስሉ በተቆራረጠ፣ ካርታ በሚመስል ቀለም ይሞላል። አንዳንዱ ሪሲቨር የማመሳሰያ ምልክቱን ለብቻው በሚሄድ ሽቦ ስለሚልክ ቅርጹ ሳይጠፋ ቀለሙ ይበላሻል። ሌላው ደግሞ የመስመሩን መጀመሪያና መጨረሻ በመረጃው ውስጥ ስለሚቀብረው፣ ሁሉም ስምንቱ መስመሮች ከፍ ብለው የሚጀምረው ልዩ ምልክት አንድ መስመር ሲጎድልበት አይታወቅም፣ ምስሉም ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል። በእንጨት ቁራጭ አይሲውን ቀስ ብሎ መጫንና ለውጥ መኖሩን ማየት የላላውን እግር ያጋልጣል፤ መድኃኒቱም እግሮቹን በፍለክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ በሚረዳው ቅባት) እንደገና መበየድ ነው።

ስድስተኛ፦ መቀየር

ኃይሉ፣ ማመሳከሪያው፣ ምቱ፣ ሪሴቱና ትእዛዙ ሁሉ ኖረው ዳኩ ጸጥ ካለ፣ ወይም አይሲው ጣት የማያስነካ ያህል ከጋለ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ምትክ የሚገኘው ታይዋን ገበያ ዞሮ ወይም ይበልጥ በአስተማማኝ ሁኔታ በሌላ ምክንያት ከተጣለ ተመሳሳይ ሪሲቨር ነው። ስሙን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ያስተያዩ። ኤዲቪ7170 እና ኤዲቪ7171 እግራቸው አንድ ቢሆንም በአይ2ሲ ላይ የሚጠሩበት አድራሻ ይለያያል፤ በአስራ ስድስት መሠረት ሲጻፍ የመጀመሪያው ዲ4 ወይም ዲ6፣ የሁለተኛው 54 ወይም 56 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የበየደ ሰው ሥራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሪሲቨሩ አዲሱን አይሲ በአሮጌው ስም እየጠራ መልስ አያገኝም። ኤስኤኤ7120 እና ኤስኤኤ7121 ግን አድራሻቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የመጀመሪያው የማክሮቪዥን ቅጂ መከላከያ ያለው መሆኑ ነው።

ከማንሣትዎ በፊት የቦርዱን ፎቶ በስልክ ያንሡ፣ የአንደኛው እግር ነጥብ በየትኛው ማዕዘን እንዳለም ይመዝግቡ። በአካባቢው ያሉትን የፕላስቲክ ሶኬቶችና ካፓሲተሮች ሙቀት በሚችል ቴፕ ይሸፍኑ፣ እግሮቹን በፍለክስ ያርጥቡ፣ የሞቃት አየር መበየጃውን ወደ 350 ዲግሪ አድርገው ዙሪያውን በእኩል እየዞሩ ያሙቁ። አይሲው በትንሽ ንክኪ ሲንሳፈፍ ብቻ ያንሡት፤ ሊዱ ሳይቀልጥ የተጎተተ እግር የቦርዱን መስመር ይዞ ይነሣል፣ ያ ደግሞ ከኢንኮደሩ የከፋ ጥገና ነው። ቦታውን በመዳብ ጥልፍ ካጸዱ በኋላ አዲሱን አስተካክለው ያስቀምጡ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ብቻ ይበይዱ፣ የአራቱንም ጎን አቀማመጥ በማጉያ መነጽር ካዩ በኋላ ቀሪውን በፍለክስና በጥቂት ሊድ እየጎተቱ ይጨርሱ። በደረቁ አየራችን ሰውነት የማይታይ ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም አይሲውን ከመንካትዎ በፊት ከምድር ጋር የተያያዘ ብረት ይንኩ።

ኃይል ከመስጠትዎ በፊት በኃይሉ እግርና በምድር መካከል ዜሮ ኦም እንደሌለ፣ ጎን ለጎን ያሉ እግሮችም እንዳልተጣበቁ በቴስተር ያረጋግጡ። የፍለክሱን ቅሪት በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው ቦርዱ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ሙከራው ክዳኑ ተዘግቶ፣ በ75 ኦም ሙሉ ጭነት፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ ተሰክቶ፣ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይካሄድ፤ ቢቻል እኩለ ቀን ላይ። ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ደህና ሲሠራ የዋለ ሪሲቨር ቤት ሄዶ ቡፌው ውስጥ በገባ በሰዓቱ ምስሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በሙከራው ውስጥ ምስሉ ከጠፋ ሪሲቨሩን ነቅለው ሳይበርድ ክዳኑን በፍጥነት ይክፈቱ፣ መልሰው ሰክተውም የ3.3 ቮልቱን መስመርና የማመሳከሪያውን ቮልቴጅ በድጋሚ ይለኩ፤ ከቀዝቃዛው ንባብ ጋር የሚለያየው የትኛው እንደሆነ ቀጥሎ የሚቀየረውን ክፍል ያመለክታል።